ተረከዜ ላይ ውሃ ቋጥሯል፤ ላፍርጠው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ለጥምቀት ብዬ አዲስ የቆዳ ጫማ ገዛሁ። የከተራ ዕለት ከፒያሳ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ድረስ ታቦት አጅቤ ወረድኩ። ትናንትም እንደዚያው ወርጄ ተመለስኩ። ዛሬ ቀኝ ተረከዜ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ውሃ ቋጥሯል። ጫማ ይቅርና ካልሲ ሲነካው ያስጮኸኛል። የግራው ትንሽ ነው፣ ብዙም አያመኝም። አያቴ ‹አፍርጪውና ቡና ነስንሺበት› ትላለች። ወንድሜ ‹መርፌ ከነክሩ አሳልፊበትና ክሩን እዚያው ተይው› ይለኛል። የፋርማሲው ልጅ ደግሞ አሞክሳሲሊን ሊሸጥልኝ ነበር። ከ10 ቀን በኋላ ሚዜ ነኝ፣ መጨፈሬ አይቀርም። የማንን ልስማ? እናቴም አብራኝ ሄዳ አውራ ጣቷ ሥር ውሃ ቋጥሮባታል። እሷ ስኳር አለባት፤ ግን ምንም አላመመኝም ብላ ሥራዋን እየሠራች ነው።»

መልስ፦ እታለም፣ እንኳን አደረሰሽ። ጥር በገባ ቁጥር እኛ ድሬሲንግ ክፍል፣ ማለት ቁስል የሚታጠብበትና የሚታሸግበት ክፍል፣ የሚመጣው እግር ተመሳሳይ ነው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ሰርጉ እስኪያልቅ ድረስ ተረከዝ፣ ተረከዝ፣ አልፎ አልፎ የጣት ጫፍ። ጫማው ደግሞ ሁልጊዜ አዲስ ነው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ቀኙን አስተንፍሺው፣ ግራውን ተይው። የሁለቱንም ቆዳ ግን እንዳትልጪው። እናትሽን ደግሞ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። እሷ ጋ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፤ አንቺ ግን እስከዚያ ባጃጅ ጥሪላት።

«አስተንፍሺው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ማፍረጥና ማስተንፈስ ይለያያሉ። ማፍረጥ ቆዳውን በጥሶ ከፍቶ መተው ነው። ማስተንፈስ ግን ጎማ እንደሚተነፍሰው ውስጡ ያለውን አውጥቶ ሽፋኑን እንዳለ ማስቀመጥ ነው። የምጽፍልሽ ሁሉ በዚህች ልዩነት ላይ ነው የሚዞረው።

ውሃው ከየት መጣ? ብዙ ሰው ጫማው ቆዳውን ከላይ ስለፈተገው ይመስለዋል። ነገሩ የተበላሸው ከውስጥ ነው። ስትራመጂ የላይኛው ቆዳ ከካልሲው ጋር ተጣብቆ ባለበት ይቀራል። የተረከዝሽ አጥንት ግን ከውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። መሐል ያለው የቆዳ ድርብርብ በየእርምጃው ይጎተታል። ሺህ ጊዜ፣ ሁለት ሺህ ጊዜ ሲጎተት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውስጥ ደግሞ ከሰውነትሽ የሚወጣ ንጹሕ ፈሳሽ ይሞላል። የእጅ ጀርባ ቢሆን ኖሮ ቆዳው ቀጭን ስለሆነ ወዲያው ይላጥ ነበር። የተረከዝና የውስጥ እግር ቆዳ ወፍራም ነው። ከላይ አልላጥ ይልና ከውስጥ ይለያያል።

የኛ ከተማ ጎንደር ደግሞ ለዚህ ነገር የተመቸች ናት። ዳገት ስትወጪ ተረከዝሽ ከጫማው ይነሳል፤ ቁልቁለት ስትወርጂ ጣትሽ ወደ ፊት ይሸሻል። ኮብልስቶኑ እያንዳንዱን እርምጃ ትንሽ ትንሽ ያጣምማል። በዚያ ላይ ጸበሉ አለ። ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ቆመሽ ተረጭተሽ፣ ካልሲሽ እርጥብርጥብ እንዳለ ነው ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገቱን የተመለስሽው። ደረቅ ቆዳ ይንሸራተታል። ድብን ብሎ የራሰም ይንሸራተታል። መለስተኛ እርጥበት ያለው ግን ይይዛል። ጣትሽን ምራቅ አስነክተሽ ገጽ ስትገልጪ ወረቀቱ እንደሚይዝልሽ ማለት ነው። ትናንት ካልሲሽ ተረከዝሽን እንደዚያ ነው የያዘው።

አሁን ስለ ቆዳው። ያ ከላይ የተነፋው ቆዳ የትኛውም ፋርማሲ ከሚሸጥልሽ ፕላስተር ይበልጣል። በልክሽ የተሠራ ነው፣ ዙሪያውን ተጣብቋል፣ ጀርም አያስገባም። እኔ ይሄን የተማርኩት በመጥፎ መንገድ ነው። ተማሪ ሳለሁ ልምምድ ላይ አዲስ ነጭ ጫማ አድርጌ ቀኑን ሙሉ ቆምኩ። ማታ ዶርም ገባሁና በጥፍር መቁረጫ ዙሪያውን ቆርጬ ቆዳውን አነሳሁት። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከሥሩ የወጣው ቀይ ሥጋ አንሶላው ሲነካው እንኳ ያቃጥል ነበር። 10 ቀን ሙሉ የጫማዬን ኋላ ረግጬ እያነከስኩ ሠራሁ። ኃላፊያችን አየችኝና «ሌላውን የምታክሚው አንቺ ነሽ?» ብላ አለፈች። እስካሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

የግራው ትንሽ ነው፣ አያምም ብለሻል። አትንኪው። ሰውነትሽ ፈሳሹን ራሱ መልሶ ይመጠዋል። ጎዝ ሸፍኚበት፣ በቃ። ቀኙ ግን ትልቅ ነው፤ በየእርምጃው ይጫናል። ብትተዪውም መንገድ ላይ ራሱ መፈንዳቱ አይቀርም። ራሱ ሲፈነዳ ደግሞ ቆዳውን ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቀድመሽ አንቺ በሥርዓቱ አስተንፍሺው። ፈሳሹ ደም የቀላቀለ ቢሆን ግን እንዳለ ሸፍነሽ ብትተዪው እመርጣለሁ።

መርፌ ከፋርማሲ ግዢ፤ የታሸገችውን የስሪንጅ መርፌ። ርካሽ ናት። ቤት ያለችውን የልብስ መርፌ እሳት ላይ የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። መርፌዋ ጥቀርሻ ትይዛለች፣ ጥቀርሻው ከቆዳሽ ሥር ይገባል። ማፍላቱም ቢሆን እኛ ጋ እንደሚታሰበው አይደለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ሌላ አማራጭ ከሌለሽ 20 ደቂቃ አፍልተሽ በአልኮል ጥረጊያት። ካለሽ ግን የታሸገችውን።

እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። እግርሽንም በሳሙና እጠቢና አድርቂ። የተነፋውን ቆዳና ዙሪያውን ቤታዲን ወይም አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጊ። ከዚያ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀመጪ። ተረከዝ ለራስ ስለማይመች ወንድምሽን ጥሪው፤ ክሩን ትቶ እጁን ታጥቦ ይምጣ።

የምትወጊው ከላይ አናቱ ላይ አይደለም። ከታች በኩል፣ የተነፋው ቆዳ ከጤነኛው ጋር ከሚገናኝበት ጠርዝ አጠገብ ነው። መርፌዋን ወደ ሥጋሽ አታቁሚያት፤ ጋደም አድርገሽ አስገቢያት። 2 ወይም 3 ቦታ ይበቃል። አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ቶሎ ይደፈንና ማታ ተመልሶ ይሞላል። ያ የላይኛው ቆዳ ስሜት ስለሌለው አያምሽም። ካመመሽ ጠልቀሻል፣ መልሺው። ከዚያ በንጹሕ ጎዝ ከወዲያኛው በኩል ቀስ አድርገሽ ተጫኚ። ጠራ ያለ ወይም ትንሽ ቢጫ የነካው ፈሳሽ ኩልል ብሎ ይወርዳል። ሕመሙ ያኔውኑ ቅልል ይልሻል። ቆዳው ሥጋው ላይ ተኝቶ ጭምድድ ይላል፤ እንዲያ ሲሆን ደስ ይበልሽ።

ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ በጎዝ ሸፍኚ፣ በፕላስተር ያዢው። ፕላስተሩ የተነፋው ቆዳ ላይ በቀጥታ እንዳይጣበቅ፤ ስታነሺው ቆዳውን ይዞት ይነሳል። ነገ ተመልሶ ሊሞላ ይችላል። አትደንግጪ፤ በአዲስ መርፌ እንደዚሁ ድገሚው። ጎዙን በቀን አንዴ ለውጪ፣ ከረጠበ ደግሞ ወዲያው። ሕመሙ ካስቸገረሽ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም 2 ፍሬ መዋጥ ትችያለሽ፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ እንዳይበልጥ። ጉበትሽን የሚያምሽ ከሆነ ግን ሳትጠይቂ እንዳትጀምሪ።

ወደ አያትሽ ቡና እንምጣ። አክብሮቴ እንዳለ ነው፤ እኔንም እንዲሁ ብለው ነው ያሳደጉኝ። ቡና ደም ያቆማል ይባላል። እዚህ ግን የሚቆም ደም የለም። አንድ ጊዜ ተረከዙን ልጦ የተፈጨ ቡና የሞላበት ጎልማሳ መጣ። ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ቡናው ከፈሳሹ ጋር ተጋግሮ እንደ አስፋልት ሆኗል። በሳላይን፣ በንጹሑ የጨው ውሃ፣ እያረጠብኩ፣ በጎዝ ጫፍ እህል እህሉን እየለቀምኩ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ሰውየው አልጋውን ጨብጦ ላቡ ይወርዳል። ከሥር መግል ነበር። ቡናው መግሉን ስለሸፈነው ማንም አላየውም። ጂቪ በሚባለው የቁስል ቀለምም ላይ ያለኝ ቅሬታ ይኸው ነው። ወይን ጠጅ ቀለሙ ሁሉን ነገር ይሸፍንና ቁስሉ ይሻለው ይባስበት መለየት ያቅተኛል። ኮልጌት፣ ቅቤ፣ አመድ ላይ አልሄድም፤ መልሴ አንድ ነው።

አረፋ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ደግሞ አረፋው ሲታይ የሠራ ይመስላል። አዲስ የሚያድገውንም ሥጋ ነው የሚያቃጥለው። ቁስል ውስጥ ውሃና ሳሙና ይበቃል። አልኮሉም ያልተከፈተ ቆዳ ላይ ብቻ።

የወንድምሽ ክር አሳማኝ ይመስላል። ፈሳሹ በክሩ እየተመጠጠ ይወጣል፣ ቀዳዳውም አይደፈንም። ግን መንገዱ ለሁለቱም ነው። ፈሳሽ በሚወጣበት ክር ጀርም ይገባበታል። ክሩ ቀኑን ሙሉ ካልሲሽና ላብሽ ውስጥ ነው የሚውለው።

አሞክሳሲሊኑን አትግዢ። ያልተመረዘ የውሃ ቋጠሮ በአንቲባዮቲክ አይድንም፤ ምክንያቱም ውስጡ መድኃኒቱ የሚገድለው ጀርም የለም። ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስም እንዲሁ። ዱቄቱ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፣ ነገ በእውነት ሲያስፈልግሽ ደግሞ መድኃኒቱ ላይሠራልሽ ይችላል።

«ቁስል አየር ይንካው» የምትባለዋን ግን ሳላነሳ አላልፍም፤ ምክንያቱም የተማረውም ያልተማረውም ይላታል። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የሚባል ተመራማሪ አሳማ ላይ ሞክሮ አሳየ። ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል አየር ላይ ከደረቀው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት አዲስ ቆዳ አበቀለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አዲሶቹ ሕዋሳት እርጥብ ቦታ ላይ ተንሸራተው ይሄዳሉ። ደረቅ ቅርፊት ካገኙ ከሥሩ ቆፍረው ማለፍ አለባቸው። ስለዚህ ማታ ማታም ሸፍነሽ ተኚ።

በዚህ አያያዝ ከ5 ቀን ገደማ በኋላ ከሥር አዲስ ስስ ቆዳ ይኖርሻል። የላይኛው ያኔ ደርቆ ራሱ ይነሳል። የተነሳውን የሞተ ጠርዝ በንጹሕ መቀስ መከርከም ይቻላል፤ መጎተት የለም።

ሰርጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው አልሽ። ይደርሳል፤ ያንን ጫማ እስከዚያ ካላደረግሽው። እኔ ነጠላ ጫማ ወይም ኋላው ክፍት የሆነ ጫማ ነው የምልሽ። ሥራ የግድ ተረከዝ የሚሸፍን ጫማ ካለ፣ ወፈር ካለ ስፖንጅ ቀለበት ቁረጪ። መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ከቁስሉ ትንሽ ይስፋ። ቁስሉ ቀዳዳው ውስጥ ይቀመጣል፣ የጫማውን ክብደት ስፖንጁ ይሸከመዋል። ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግርሽ አትሂጂ። ምናልባት ቆዳው ከተላጠና አፈር ከነካው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትሽን አረጋግጪ። በወሊድ ዕድሜ ላለች ሴት 5 ዙር ነው፤ ስንተኛው ላይ እንዳቆምሽ ካርድሽን እይ።

ለሰርጉ ታኮ ጫማ ከገዛሽ ከሰዓት በኋላ ሄደሽ ለኪ። እግር እየዋለ ሲሄድ ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ይጨንቃል። ከዛሬ ጀምረሽ ግን እንዳታለማምጂው፤ ተረከዝሽ ሲሽር ቤት ውስጥ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እያደረግሽ ነው። በሰርጉ ቀን ተረከዝሽ ላይ ገና ከጠዋቱ ማይክሮፖር፣ ያችን የወረቀት ፕላስተር፣ ሳይሸበሸብ ለጥፊ። ርካሽ ነገር ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት ረጅም ርቀት ሯጮች ላይ ሞክሮት ውሃ መቋጠርን በ40 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ቫዝሊንም ይረዳል፤ ግን ሲቆይ ጥቅሙ ስለሚጠፋ ደጋግመሽ መቀባት አለብሽ። ቦርሳሽ ውስጥ ነጠላ ጫማ ያዢ። ቪዲዮ ቀራጩ ሲሄድ ማንም እግርሽን አያይም።

ደግሞ ቀድሞ የሚመጣ ምልክት አለ። ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ቦታው ይሞቃል፣ ይለበልባል። ያኔ ነው መቆም ያለብሽ፤ እስክስታው መሐልም ቢሆን። በ2 ደቂቃ ፕላስተር የሚድነው ያኔ ነው።

ጫማ ካነሳን አበበ ቢቂላን ሳላነሳ አልቀርም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ እዚያ የተገዛለት አዲስ ጫማ እግሩን ውሃ ስላስቋጠረው ነው ያወለቀው ይባላል። አንቺ ግን እሱን አይተሽ ጫማሽን እንዳታወልቂ። እሱ በባዶ እግሩ ሲለማመድ የኖረ ሰው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ ነው ያሸነፈው።

መቼ ነው እኛ ጋ የምትመጪው? ፈሳሹ ከደፈረሰ፣ መግል ከሆነ፣ ከሸተተ። ሕመሙ እየቀነሰ መሄዱ ቀርቶ በሦስተኛው ቀን ከጨመረ። ዙሪያው ካበጠና ከሰፋ። መጽሐፍ ላይ «ይቀላል» ተብሎ ይጻፋል፤ በኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላት ሁልጊዜ አይታይም። ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ሊታይ ይችላል። በእጅሽ ጀርባ ሁለቱንም ተረከዝ ንኪ፤ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ከሞቀ አትጠብቂ። ብሽሽትሽ ላይ ንፍፊት ከወጣ፣ ወደ ላይ የሚሄድ መስመር ካየሽ ወይም ካተኮሰሽ በዚያው ቀን ነይ።

ጫማ ሳታደርጊ፣ ሳትሄጂ ውሃ የሚቋጥርብሽ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ምክር ላንቺ አይደለም። ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። መታየት አለበት።

አሁን ወደ እናትሽ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ካንቺ ከሚያስጮኽሽ ይልቅ የሳቸው የማያመው ነው የሚያስፈራኝ። አውራ ጣት ሥር ውሃ የቋጠረ ሰው ሲረግጥ ማመም አለበት። ካላመመ ነርቩ ደክሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ከነርቮች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው የእግርን ነው። ሕመም የለም፣ ስለዚህ ማንከስ የለም፣ ስለዚህ እግሩ ዕረፍት አያገኝም። ቀን ሙሉ እየረገጡት ይውላሉ። የደም ዝውውሩም ቀንሶ ከሆነ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። እኛ ክፍል ጣት ተቆርጦ የወጣ ሰው ታሪኩን ሲጀምር ብዙ ጊዜ «ትንሽ ነገር ነበረች» ብሎ ነው።

ስለዚህ የሳቸውን አንቺም፣ ወንድምሽም፣ ማንም ቤት ውስጥ እንዳይወጋው። ደረቅ ንጹሕ ጎዝ ሸፍኚበት። በእግር አይሂዱ። ክትትል ወደሚያደርጉበት ቦታ ውሰጃቸው፤ ሩቅ ከሆነ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይጀምርላቸው። እዚያ ሁለቱንም እግር እንዲያዩላቸው፣ ስሜቱን በቀጭኗ የናይሎን ክር እንዲፈትሹላቸውና ስኳራቸውን እንዲለኩ ጠይቂ። ሐኪሙ ካልሲ አውልቁ ካላላቸው አንቺ አውልቂላቸው። እናቶቻችን እግራቸውን ለሐኪም ማሳየት ያፍራሉ።

ከዚያ በኋላ በየማታው እግራቸውን እይላቸው፤ በጣቶቹ መሐል፣ ተረከዝ፣ ውስጥ እግር። ማጎንበስ ካቃታቸው ራሳቸው በመስታወት ያዩታል። ጫማ ከማድረጋቸው በፊትም ገልብጣችሁ አራግፉት። አንድ አባት ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ ቆስሎ መጡ። ጫማቸውን አንስቼ እጄን ስከት የቢራ ቆርኪ አገኘሁ። የልጅ ልጃቸው ናት የከተተችው። ሦስት ቀን ሙሉ ረግጠውት ሄደዋል፤ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ። አላወቁትም።

ስትሄዱ የጥምቀት ዕለት ያደረጉትንም ጫማ ይዛችሁ ሂዱ።